የታየበት ቀን፦ ማርች 2011

ነገሩ የጀመረው አንድ ሊንክ ከወረቀት ጠርዝ አልፎ ስለወጣ ነው። ቀን ቀን አንድ ቢሮ በኮንትራት እየሠራሁ፣ ቅዳሜና እሁድ እየተማርኩ፣ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌን እንደምንም ጨርሼ፣ ገጹን እንዲያስተካክልልኝ ጅግጅጋ ውስጥ ለአንድ ኮፒ ቤት ሰጥቼ ነበር። ትምህርት ክፍላችን የምንጭ ዝርዝር በአንድ ወጥ አቀማመጥ ካልተደረደረ አይቀበልም። ምንጩ መጽሐፍ ከሆነ ችግር የለም፤ ስም፣ ዓመት፣ ርእስ፣ አበቃ። ከኢንተርኔት ከሆነ ግን መከራ ነው። ማን ጻፈው? መቼ ተለጠፈ? ሊንኩ የቱ ነው? አንቺስ ከፍተሽ ያየሽው መቼ ነው? ይህ የመጨረሻው «የታየበት ቀን» ይባላል። ገጽ ዛሬ ኖሮ ነገ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ያኔ ነበረ፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ ብሎ እንደ መፈረም ነው።

የኔ ሊንኮች ደግሞ ርዝመታቸው ለጉድ ነው። የምንጭ ዝርዝሩን የሚደረድረው የኮምፒውተር ፕሮግራም የት ላይ እንደሚቆርጣቸው ግራ ገብቶት አንዱን ዝም ብሎ ለቀቀው፤ ኅዳጉን አልፎ ግማሹ ከወረቀት ውጭ ቀረ። «ይሄማ አጥር ዘሎ ወጣ እኮ!» አለኝ የኮፒ ቤቱ ባለቤት እየሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እስኪያስተካክለው ድረስ ከጀርባው ቆሜ መፈናፈኛ አሳጣሁት። ያን ዕለት ዓይኔ የሚያየው ጠርዙን ብቻ ነበር። መስመሮቹ እኩል ሲሆኑ፣ ሊንኩም ከመሀል ተቆርጦ ቀሪው ከታች በሥርዓት ሲቀመጥ፣ «እሰይ! አትመው!» አልኩት። ታተመ፣ ተጠረዘ፣ አስገባሁት።

በዚያው ሳምንት ቢሮ ቁጭ ብዬ ለራሴ ያስቀረሁትን ቅጂ ገለጥኩ። የራሱን ጽሑፍ ታትሞ አይቶ ዝም የሚል ማን አለ? መግቢያውን እንኳ አላየሁም፤ በቀጥታ የምንጭ ዝርዝሩን ነው የገለጥኩት፣ ያን ያህል ታግዬለታለሁና። ጠርዙን በጣቴ ዳሰስኩት። ቀጥ ብሏል። ከዚያ ዓይኔ አጥር ዘሎ ወደነበረው ሊንክ ቀን ሄደ። የተለጠፈው 2018 ይላል። የታየው፣ ማርች 2011።

ዘጋሁት፤ መልሼ ገለጥኩት። ያው ነው።

እኛ ቢሮ ቀን የሚጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ደብዳቤውም፣ የፈቃድ ወረቀቱም። እኔም ሊንኮቹን ስሰበስብ፣ ያየሁበትን ቀን እጄ እንደለመደው ስልኬ ላይ 3/2011 እያልኩ ነበር የያዝኩት። ኅዳር 2011 ዓ.ም. ማለቴ ነው። የተለጠፈበትን ቀን ግን ገጹ ላይ እንዳለው በፈረንጅ አቆጣጠር ገልብጬዋለሁ። ፕሮግራሙ ምን ያውቃል? ሦስተኛ ወር ሲሉት ማርች፣ 2011 ሲሉት 2011፤ አሳምሮ ጻፈው። እናም እኔ፣ ጤነኛዋ ሴትዮ፣ አንድን ገጽ ከመለጠፉ ከሰባት ዓመት በፊት አንብቤዋለሁ ብዬ በተጠረዘ ጽሑፍ ላይ ፈርሜያለሁ ማለት ነው። ጠንቋይ እንኳ እንዲህ አይደፍርም።

«የቀን ስሕተት ነው፤ ታዲያ ምን አለበት?» የሚል ይኖር ይሆናል። አለበት እንጂ! ሦስተኛው ምዕራፌ የቆመው በዚያ ድረ ገጽ ላይ ነው። አንድ ትንሽ ፕሮጀክት የሀርሺንን፣ የሐርተሼክንና የቀብሪበያን የፍየልና የበግ ዋጋ በየገበያው ቀን እዚያ ይለጥፍ ነበር። ነጋዴዎች ያንን በስልካቸው እያዩ ለመሸጥም ለመያዝም እንዴት እንደሚወስኑ ነው የጻፍኩት። ያ ምዕራፍ ከወደቀ ጽሑፉ ይወድቃል። ጽሑፉ በፈጠራ ምንጭ ከወደቀ ደግሞ እንደገና ጻፊው የሚልሽ የለም፤ ዲግሪው ይቀራል። ቢሮዬ ቋሚ ሊያደርገኝ የሚጠብቀው ዲግሪውን ነበር። ከኛ በፊት በነበረው ዙር አንድ ተማሪ የሌለ ምንጭ ጠቅሶ ተገኝቶ ተባርሯል። ስለሱ ሲወራ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሌላ የሠራውን ነገር የሚያስታውስለት የለም።

ባጃጅ ይዤ ወደ አማካሪዬ በረርኩ። አማካሪዬ ሶማሌ ናቸው፤ ሁላችንም «መዓሊን» እንላቸዋለን፣ መምህር ማለት ነው። ቁጥብ፣ ሶላታቸውን የማያሳልፉ ሰው ናቸው። ወሩ ረመዳን ስለነበር ከንፈራቸው ደርቋል። ነገሩን ስነግራቸው ግን ፈገግ አሉ።

«ለዚህ ነው እንዲህ የምትንቀጠቀጪው? ቀላል ነው። ገጹን እንክፈተውና ትክክለኛውን ቀን ጽፈን የእርማት ወረቀት እንልክላቸዋለን።»

ሊንኩን ራሳቸው ጻፉት፤ ከተጠረዘው ቅጂ እያዩ፣ ፊደል በፊደል። እኔ ከጎናቸው ቆሜያለሁ። መጣ። ዳይስ ተንከባለለ፣ ሙዚቃ ጮኸ፣ ብር ከላይ እንደ ዝናብ ወረደ፣ ከመሀሉ ትከሻዋ የተራቆተ ሴት ዓይኗን ጠቀሰችን። የቁማር ገጽ! መዓሊን እንደተነደፈ ሰው እጃቸውን ከማውሱ ላይ ነጠቁ። «አስተግፊሩላህ! አስተግፊሩላህ!» ለመዝጋት ሲሉ ሌላ ሴት ተከፈተች። በሩ ክፍት ነበርና ኮሪደር ላይ ያለው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። በመጨረሻ ጎንበስ ብዬ ኮምፒውተሩን ከሶኬቱ ነቀልኩት።

ጸጥ ሲል መዓሊን ቀስ ብለው ዞሩ። «ይሄን ነው ያነበብሽው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ፕሮጀክቱ ተዘግቷል፤ የድረ ገጹን አድራሻ የሚያድስለት ሲጠፋ ቁማርተኞች ወስደውታል። ይህን የተረዳሁት በኋላ ነው፤ ያኔ ግን «መዓሊን፣ ወላሂ ፍየል ነበረ! የፍየል ዋጋ ነበረ!» ከማለት በቀር ቃል አልወጣኝም። ክርስቲያን ሆኜ ወላሂ ስል ሰምተው ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ግን አልሳቁም።

«ቅጂው ለውጭ ገምጋሚው ሄዷል» አሉኝ። «ሰውዬው ሊንኩን ከከፈተ ይሄን ያያል። ከዚያ ቀኑን ካየ . . .» አልጨረሱትም። «ሆን ብለሽ እንዳላደረግሽው እኔ አውቃለሁ። የኔ ማወቅ ግን አይጠቅምሽም፤ አማካሪሽ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንዴት እንዳለፈ አልጠየቅ። እህል አፌ ላይ አሸዋ ሆነ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ከትምህርት ክፍሉ ነው እያልኩ እደነግጣለሁ። ሊንኮቹን ስሰበስብ ገጹን በፎቶ ይዤው ነበር፤ ግን ቀኖቹን ብቻ እንደገለበጥኩ ያ ስልክ ለጥናቱ ሄጄ ከቀብሪበያ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጠፍቶብኛል። የድሮ ገጾችን የሚያስቀምጥ ድረ ገጽ አለ ሲሉኝ እዚያም ፈለግኩ። የፊት ገጹን ብቻ ይዞታል፤ ዋጋው የሚለጠፍበትን ስከፍተው ባዶ ነው። የፊት ገጹ ላይ የሚያምር ፍየል አለ። ያን ፍየል እያየሁ አለቀስኩ።

ቀብሪበያም ሄድኩ፤ ፕሮጀክቱ ላይ ይሠሩ ከነበሩት ሰዎች አንዱን ባገኝ ብዬ። ቢሮው ፍራሽ መሸጫ ሆኗል። ፍራሽ ሻጩ ሠራተኞቹ ወዴት እንደሄዱ አያውቅም፤ ግን ፍራሽ በቅናሽ ሊሰጠኝ ፈለገ። የከብት ገበያው ውስጥ ያሉትን ደላሎች ጠየቅኩ። «አዎ፣ ነበረ! ጥሩ ነገር ነበረ! ለምን ዘጋችሁት?» ብለው እኔኑ ተቆጡኝ። የዘጋሁት እኔ ይመስል! ፎቶ የያዘ፣ ወረቀት ላይ ያተመ ግን አንድ ሰው ጠፋ። ዋጋ አይቶ ውሎውን የወሰነ ሰው ገጹን ምን ሊያደርገው ያስቀምጠዋል? ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ነፋሱ አቧራውን ሲያስገባ መስኮቱን ለመዝጋት እንኳ አቅም አጣሁ።

አባቴ ከመሀል አገር መጥቶ ጅግጅጋ ላይ ሱቅ የከፈተው እኔ ሳልወለድ ነው። መክሳቴን አይቶ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። አባቴ ደግሞ ሚስጥር መያዝ አልፈጠረበትም፤ የሱቁ መስኮት ላይ ተደግፎ ለዋና ደንበኛው ነገራት። ደንበኛው «ኤዶ» ናት። በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንዲሁ ነው የሚጠራት። ከሀርሺን ፍየል እያመጣች የምትነግድ፣ ድምጿ ከሦስተኛው ቤት የሚሰማ፣ አንቱ ስትባል «አሮጊት አደረግሽኝ!» ብላ የምትቆጣ ሴት ናት። ለጽሑፌ ካነጋገርኳቸው ነጋዴዎችም አንዷ ነበረች፤ ግን በጥናት ሕጉ መሠረት ስሟን ደብቄ «አንዲት ነጋዴ» ብዬ ነው የጻፍኳት።

«ማርካቲ የላትም?» ብላ ጠየቀችው አሉ። ማርካቲ ምስክር ማለት ነው። እዚህ አገር ሽማግሌዎች ዛፍ ስር ተቀምጠው ነገር ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው፤ ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል።

«የላትም» አላት አባቴ።

ስኳሯን ይዛ ሄደች። እኔ ግን አባቴን «አባዬ ደግሞ! ለሰው ሁሉ ጉዴን ትዘራለህ?» ብዬ ጮህኩበት። ምስኪኑ ሚዛኑን መወልወል ጀመረ።

ጽሑፌን በገምጋሚዎች ፊት የምከላከልበት የዲፌንሱ ቀን ደረሰ። ዲፌንስ ለፈለገ ሰው ሁሉ ክፍት ነው፤ አባቴ ለሰርግ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ ከኋላ ተቀመጠ። የውጭ ገምጋሚው ከመሀል አገር በአውሮፕላን የመጡ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያኖሩ ሰው ናቸው። ከፊታቸው ያለውን ቅጂ አየሁት። ሰው አስተያየት ያለበት ገጽ ላይ የሚለጥፋት ቢጫ ወረቀት አለች አይደል? መግቢያው ላይ የለችም። መደምደሚያው ላይ የለችም። መጨረሻው፣ የምንጭ ዝርዝሩ ላይ ብቻ ቢጫ በቢጫ ሆኗል።

በእንግሊዝኛ የተጀመረው ነገር እዚያ ገጽ ላይ ሲደርስ ወደ አማርኛ ዞረ። ስለ ኅዳርና ስለ ማርች አስረዳሁ። ስጣደፍ ያደባበስኩ፣ ስረጋጋ ደግሞ ያጠናሁት ውሸት ይመስልብኛል።

«እኔም እዚሁ አገር ነው ያደግኩት፤ የቀኑ ነገር ገብቶኛል» አሉ። «ግን ሊንኩን ከፍቼው ነበር።» ቢጫዋን ወረቀት ነካ አደረጉ። «ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።»

ሰው ሳቀ። መዓሊን ጣራውን አዩ። እኔ መሳቅ አምሮኝ ነበር፤ ግን ገምጋሚው ራሳቸው አልሳቁም።

«ቀን ይሳሳታል። ሊንክም ይሞታል። ችግሩ ሁለቱም በአንድ ገጽ ላይ ሲመጡ ነው፤ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ደግሞ እሱ ላይ ቆሟል። እስቲ ንገሪኝ፦ ይህ ገጽ መኖሩን ካንቺ ሌላ ማን ያውቃል?»

አለቀልኝ አልኩ በሆዴ። ያ የተባረረው ተማሪ እዚሁ ቦታ ላይ ቆሞ ይሆናል ብዬም አሰብኩ።

«እኔ አውቃለሁ!»

ኤዶ ናት። በሩ አጠገብ ቆማለች። መቼ እንደገባች አላየሁም። ከጎኗ ጥቁር ጂልባብ የለበሰች የማላውቃት ሴት አለች፤ በኋላ እንደሰማሁት ለዚሁ ብላ ከቀብሪበያ ያመጣቻት ነጋዴ ነበረች። ኤዶ ማንም ሳይጠራት ወንበሮቹን አልፋ እስከ ጠረጴዛው መጣች።

«ለምስክርነት አንድ ሴት አትበቃም እንዳትሉ ሁለት ሆነን መጥተናል» አለች።

ገምጋሚው መነጽራቸውን አወለቁ። «እናቴ፣ ይሄ ዲፌንስ ነው እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም።»

«ታዲያ ልጅቷን ለምን ከሰስካት?»

አንተ አለቻቸው! ሶማሊኛው ውስጥ አንቱ የሚባል ነገር ስለሌለ ለሷ ፕሮፌሰሩም የፍየል ደላላውም አንድ ናቸው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ፊቱን በወረቀት ሸፈነ። አባቴ ከኋላ ኮቱን ሲቆልፍና ሲፈታ ይታየኛል።

«እሺ» አሉ ገምጋሚው ቀስ ብለው፤ «ምን አየሽ?»

«ለውጡ የመጣበት ዓመት ነው። ደይር ዘግይቶ ነበር።» ደይር እናንተ ጥቅምትና ኅዳር በምትሉት ጊዜ የሚዘንበው ዝናብ ነው ብላ አስረዳቻቸው፣ ልክ ተማሪዋ እሳቸው እንደሆኑ። «ሀርሺን ላይ ፍየል ነበረኝ። ዝናብ የለም፣ ፍየሉ ይሞታል፣ ሽጪ ሽጪ አሉኝ። ስልክ ላይ ከፈትኩ፤ የዚህችን ልጅ ገጽ። ሐርተሼክ ላይ ዋጋ ወደ ላይ እየሄደ ነው ይላል። አልሸጥኩም። ዝናቡም መጣ።»

«አንቺስ?» አሉ ወደ ሁለተኛዋ ዞረው።

ሴትዮዋ አማርኛዋ ትንሽ ነው፤ አንገቷን ደፍታ ተናገረች። «እሷ ስልኩን አሳየችኝ። እኔ ውሸት ነው አልኩ። ሸጥኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።»

ገምጋሚው እስክሪብቶአቸውን አንስተው ኤዶን «ከልጅቷ ጋር ዝምድና አላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«የአባቷ ደንበኛ ነኝ። ስኳር ያስወድድብኛል» አለች፣ ጣቷን ወደ አባቴ ቀስራ። «ዘመዴ ብትሆን አልመጣም ነበር። ዘመድ ለዘመድ ማርካቲ አይሆንም።»

ውጤት እስኪመጣ ውጭ አስወጡን። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ፤ ኤዶ የፕላስቲክ ውኃ ከፍታ ሰጠችኝ። «ሆዮ፣ ጠጪ» አለችኝ። ሆዮ እናት ማለት ነው፤ ሶማሌ እናቶች ልጃቸውን መልሰው እናት ብለው ነው የሚጠሩት። ያኔ እንባዬ መጣ። ጠርተውኝ ስገባ መዓሊን ፊታቸው እንደ ወትሮው ነበር፤ ምንም አይነበብበትም። አለፍኩ። ማስተካከያ ግን አለ፦ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ ሊንኩ ዛሬ እንደማይሠራ በግልጽ ይጠቀስ፤ ሁለቱ ሴቶችም ፈቃደኛ ከሆኑ በቃል መረጃ ሰጪነት በምንጭ ዝርዝሩ ውስጥ በስማቸው ይግቡ።

ፈቃደኛ ከሆኑ! ኤዶማ «ስሜን ቀድሞውንስ ማን ደብቂ አለሽ?» ብላ ልትመታኝ ነበር።

ኮፒ ቤቱ ተመለስኩ። ፕሮግራሙ አመሉን አይተውም፤ የመጨረሻውን ስም ወደ ፊት አምጥቶ ኤዶን በአያቷ ስም ደረደራት። «መልሰው!» አልኩት ባለቤቱን። «የመሰከረችው እሷ ናት፤ አያቷ በቦታው አልነበሩም።» በዚህኛው ቀን ጠርዙን አላየሁም። እያንዳንዱን ቀን በጣቴ እየተከተልኩ ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ እሱም «ቁርኣን ቤት አስመሰልሽው» እያለ ቀለደብኝ።

አንድ ቅጂ አባቴ ሱቅ ውስጥ ለኤዶ ሰጠኋት። እንግሊዝኛ አታነብም። «የታለሁ?» አለችኝ፤ ገልጬ አሳየኋት። ስሟን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፤ እኔ ያን ጠርዝ እንደዳሰስኩት።

«ይሄስ አይጠፋም?»

«ወረቀት ነው ኤዶ፣ አይጠፋም።»

«እኔስ?» አለች እየሳቀች። «እኔ ስሞት ያ ባለ መነጽር ደግሞ መጥቶ ቢጠይቅሽ ማንን ታመጫለሽ?»

አባቴ ሳቀ። ስኳር እየመዘነ ነበር፤ በዚያ ሳቅ መሀል ትንሽ ጨመረላት። እኔ መሳቅ አቃተኝ። «አንቺ አትሞቺም» አልኳት።

ዛሬ ቋሚ ሠራተኛ ነኝ። ጽሑፌ ኢንተርኔት ላይ ተጭኗል፤ አልፎ አልፎ እከፍተዋለሁ፣ አለ። ኤዶ ንግዱን ለልጇ ትታ ሀርሺን ገብታለች፤ እዚያ ኔትወርክ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ደውዬ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልቻልንም» ስትለኝ ያቺ የስልኩ ሴትዮ፣ ያ የድሮው ፍርሃት ይመለስብኛል። ቅጂው ላይ ያለው ስም አይታየኝም፤ የሚታየኝ በሩ አጠገብ ቆማ «እኔ አውቃለሁ» ያለችው ናት። ባለፈው ደግሜ ደጋግሜ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። ልዘጋው ስል አነሳችው፤ ከኋላዋ ፍየል ይጮኻል።

«ሆዮ! ምነው? ደግሞ ምን ጠየቁሽ?»

«ምንም አልጠየቁኝም» አልኳት። «መኖርሽን ልስማ ብዬ ነው።»